አጫሹን ማሸማቀቅ ሲጋራውን አያስጥልም

ኢትዮጵያ አጫሽ ከሚያንስባቸው አገሮች ተርታ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል በማናቸውም መልክ ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ከወንዶች 8 በመቶ ገደማ፣ ከሴቶች ደግሞ 2 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ለዚህ ውጤት ትልቁን ሥራ የሠራው ነውሩ ይመስለኛል። የሃይማኖት አባቶች ማጨስን ይነቅፋሉ፣ ሽማግሌዎች አይወዱትም፣ ልጅ በአባቱ ፊት አያጨስም፣ ሴት ስታጨስ ከታየች ስሟ ይነሳል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ በሚያጨስ ላይ ከባድ ቅጣት ይጥሉ እንደነበርም ይነገራል። በዚህ ሁሉ መካከል ያደገ ወጣት ከመጀመሩ በፊት ብዙ ጊዜ ያስባል። ነገር ግን ሰውን ከመጀመር የሚያግደው ነውር የጀመረውን ሰው ሲያስቆም አናይም። አንዴ ሱስ ከገባ በኋላ ያው ነውር አጫሹን ከሚረዱት ሰዎች ይነጥለዋል፣ ሙከራውንም ይደብቅበታል። ስለዚህ ባላቸው፣ ልጃቸው፣ ወንድማቸው ወይም የሥራ ባልደረባቸው ሲጋራ እንዲያቆም የሚፈልጉ ሰዎች በልማድ ከሚያደርጉት የተለየ ነገር ማድረግ አለባቸው እላለሁ። ምክንያቱን ልዘርዝር።

ከሱሱ እንነሳ። ከሲጋራ ጭስ ጋር የተሳበ ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ቢፈጅበት ነው። እዚያም ዶፓሚን የሚባለውን የደስታ ስሜት አመንጪ ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። ችግሩ ኒኮቲኑ ቶሎ ከደም መጥፋቱ ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ያልቃል። ሲቀንስ ሰውየው ይቁነጠነጣል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። በእኛ አነጋገር ሀራራ ይይዘዋል። ቀጣዩ ሲጋራ ይህንን ስሜት ስለሚያረግብለት፣ አጫሹ «ጭንቀቴን ያቀለለኝ ሲጋራው ነው» ብሎ ያምናል። በእውነት ያቀለለው ግን የቀደመው ሲጋራ የፈጠረውን ጭንቀት ነው። ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ የ26 ጥናቶች ግምገማ፣ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ካላቆሙት ይልቅ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ቀንሶ፣ የኑሮ ደስታቸው ተሻሽሎ አግኝቷቸዋል። ሲጋራ ያረጋጋል የሚለው እምነት ከሁሉ የሚጸናው ሀራራው በሚበረታበት የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ግን አብዛኛው የሰውነት ምልክት ይለቃል።

እንግዲህ በዚያ በመጀመሪያው ሳምንት አጫሹ ቤቱ ውስጥ ምን ይጠብቀዋል? ብዙውን ጊዜ ማንም ሙከራውን አያውቅም። ማጨሱን የደበቀ ሰው ማቆሙንም ይደብቃል፤ ሲያጨስ ያላዩት እናቱ «ልጄ ምን ሆኖ ነው ፊቱ የጠቆረ?» ይላሉ። ማጨሱ የታወቀበትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ወድቆ ስለሚያውቅ «ደግሞ ሊያቆም ነው» የሚለውን ሳቅ ፈርቶ ዝም ይላል። በዚህ ምክንያት ሰው በሕይወቱ ከባድ ከሚላቸው ሳምንታት አንዱን ብቻውን ያሳልፋል። መበሳጨቱን የሚያዩት የቤተሰብ አባላት ምክንያቱን ስለማያውቁ እነሱም ይበሳጫሉ። ጠብ ይነሳል፤ ከጠብ በኋላ ደግሞ በር ከፍቶ መውጣት አለ።

ከበሩ ወጥቶ የሚደርስበትን ቦታ ጠጋ ብለን እንመልከት። በሰፈር ሱቅ መስኮት ላይ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። ከመስኮቱ ጎን በክር የታሰረ ላይተር ተንጠልጥሏል፤ ገዢው ፍሬዋን ይቀበላል፣ እዚያው ይለኩሳል፣ ይሄዳል። ሱቅ ባይኖር ጀብሎው ማስቲካውን፣ ሶፍቱንና ሲጋራውን በካርቶን ይዞ ካፌ በር ላይ ቆሟል። ሙሉ ፓኬት ለመግዛት ሰው ትንሽ ማሰብ፣ ኪሱንም ማየት ይኖርበታል። አንድ ፍሬ ግን ሐሳብ አይጠይቅም፤ ከቁጣው እስከ ጭሱ ያለው መንገድ የሁለት ደቂቃ ነው። የሚገርመው ደግሞ ድንገት የሚመጣ ብርቱ ሀራራ በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚበርድ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ አጠገቡ የሚያዋየው ሰው መኖሩና አለመኖሩ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስል ማስረጃውን ላቅርብ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ የልብ ሕመም ጥናት አለ። ኒኮላስ ክሪስታኪስና ጄምስ ፋውለር የተባሉ ተመራማሪዎች በጥናቱ ውስጥ የነበሩ 12,067 ሰዎችን እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2003 ያለ መዝገብ አገላብጠው ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝና ማን መቼ ሲጋራ እንዳቆመ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የትዳር ጓደኛው ሲያቆም አንድ ሰው የማጨስ ዕድሉ በ67 በመቶ፣ ወንድም ወይም እህት ሲያቆሙ በ25 በመቶ፣ ወዳጅ ሲያቆም በ36 በመቶ እንደሚቀንስ ጻፉ። በአነስተኛ መሥሪያ ቤት አብሮ የሚሠራ ሰው ሲያቆም እንኳ 34 በመቶ ይቀንሳል። ሰዎች በተናጠል ሳይሆን በቡድን በቡድን ሆነው ነበር ያቆሙት። ሌላም ነገር አስተውለዋል፤ ዓመታት በሄዱ ቁጥር ያላቆሙት አጫሾች ከማኅበራዊ ኑሮው መሐል ወደ ዳር እየተገፉ ሄደዋል። እኔን ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው፤ ዳር የተገፋ ሰው ከሚያቆሙት ጋር መገናኘቱን ያጣል፣ የሚቀሩለት ወዳጆችም እንደሱው የሚያጨሱት ናቸው።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ «የሚመሳሰሉ ሰዎች እኮ ቀድሞውንም ይወዳጃሉ፤ አብረው ቢያቆሙ ምን ይደንቃል?» ሊል ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ለመለየት ሞክረዋል፤ ሆኖም በአሠራራቸው ላይ ሌሎች የስታቲስቲክስ ሊቃውንት የሰነዘሩት ትችት አለ። ከዚያ የሚከብደው ተቃውሞ ደግሞ ከሙከራ ጥናቶች የመጣው ነው። የትዳር ጓደኛን ወይም ሌላ የቅርብ ሰውን «እንዲህ እንዲህ አድርገህ ደግፋት» ብለው ያሠለጠኑ ከደርዘን በላይ ሙከራዎች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲገመገሙ፣ ሥልጠናው የሚያቆሙትን ሰዎች ቁጥር ሲያሳድግ አልታየም። ታዲያ ድጋፍ ዋጋ የለውም ማለት ነው? ግምገማውን በጥሞና ላየው ሰው መልሱ ሌላ ነው፤ ድጋፉ በእርግጥ መጨመሩን ከለኩት ሙከራዎች መካከል መጨመሩን ያሳዩት ጥቂቶች ነበሩ። የቅርብ ሰውን ጠባይ በወረቀትና በአጭር ሥልጠና መለወጥ አልተቻለም እንጂ፣ ጠባዩ የተለወጠበት ቤት ምን ውጤት እንደሚያመጣ ገና በወጉ አልተፈተነም።

ከዚህ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1990 ሼልደን ኮኸንና ኤድዋርድ ሊችተንስታይን ያገኙት ነገር እዚህ ላይ ይረዳናል። ሲጋራ ለማቆም የቆረጡ ሰዎችን «የትዳር ጓደኛችሁ ምን አለ፣ ምን አደረገ?» ብለው ጠየቁ። ማበረታታት፣ ጥረቱን ማድነቅ፣ ሐሳብን ወደ ሌላ ነገር መሳብ በአንድ ወገን፤ መነዝነዝ፣ መቆጣጠር፣ «አንተ አታቆምም» ማለት በሌላ ወገን ተመዘገበ። ለማቆሙ ምልክት ሆኖ የተገኘው ደግ ቃል ብቻውን ወይም ክፉ ቃል ብቻውን አልነበረም፤ የሁለቱ ሚዛን ነበር። ይህ ለእኛ ቤት የሚስማማ ግኝት ነው። ወቀሳን ፈጽሞ አስወግዱ ማለት ለሰው የማይቻል ነገር መጠየቅ ነው። በአንጻሩ፣ ባሏን በቀን ሦስት ጊዜ «ጠረንህ!» የምትል ሚስት አራተኛ ጊዜ «ዛሬ ሦስተኛ ቀንህ ነው አይደል? ጎበዝ» ብትለው ሚዛኑ ትንሽ ይስተካከላል። ሁለት ወቀሳ ብትቀንስ ደግሞ ይበልጥ ይስተካከላል።

«እንዲህ ካልን አጫሹን ማባበል አይሆንም ወይ? ጭሱ እኮ ልጆቼን ይጎዳል» የሚል ሰው እውነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሌላ ሰው ጭስ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የማያጨሱ ሰዎችን ይገድላል። ስለዚህ «በዚህ ቤት ውስጥ አይጨስም» የሚል ደንብ ማውጣት መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ይህ ደንብ አጫሹንም ይጠቅማል፤ ጭስ በተከለከለባቸው ቤቶች የሚኖሩ አጫሾች ለማቆም የሚሞክሩትም፣ የሚሳካላቸውም ይበልጥ እንደሆነ በተለያዩ አገሮች ታይቷል። ደንብ ግን ስለ ቦታው ነው። «እዚህ ቤት አይጨስም» ማለትና «አንተ የማትረባ ሱሰኛ» ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ንግግሮች ናቸው። የመጀመሪያውን በጽናት፣ ሳያወላውሉ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ግን ከማስጨነቅ በቀር የሚፈይደው የለም፤ ጭንቀት ደግሞ አጫሹን የሚመራው ወዴት እንደሆነ እናውቃለን።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሌላው አስተያየት «ቆራጥ የሆነ ሰው በራሱ ያቆማል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሲጋራ ካቆሙት ሰዎች አብዛኞቹ ያለ መድኃኒትና ያለ ሐኪም ነው ያቆሙት። ቁጥሩን ከሌላው ወገን ብናየው ግን ሌላ ነገር ይነግረናል፤ በራሳቸው ብቻ ከሚሞክሩ ከ100 ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሳያጨሱ የሚቆዩት ከ3 እስከ 5 ናቸው። አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት ውስጥ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ አጫሾችን ተከታትለው ያሰሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳተሙት፣ አንድ ሰው ጨርሶ እስኪያቆም ድረስ 30 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ሊሞክር ይችላል። ይህ ቁጥር ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል፤ እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማነበው። አምስት ጊዜ ሞክሮ የወደቀ ሰው ደካማ ሆኖ አይደለም፣ መንገዱ ገና አላለቀለትም። ስለዚህ ሲወድቅ «አላልኩህም?» ማለት ስድስተኛውን ሙከራ ማዘግየት ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ «የትኛው ሰዓት ላይ ነው ያሸነፈህ?» የሚል ነው፤ ለሚቀጥለው ዙር መረጃ ይሰጣልና።

የሚያሸንፉት ሰዓቶች ደግሞ ይታወቃሉ። አንዱ ቡና ነው። ቡናና ሲጋራ በልማድ ብቻ ሳይሆን በሰውነት ውስጥም ይገናኛሉ፤ የትምባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሰውየው ሲጋራውን ሲያቆም ይህ ፍጥነት ይቀንስና እንደወትሮው የጠጣው ቡና ደሙ ውስጥ ብዙ ይቆያል። ልብ መምታት፣ መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል፤ እሱም «ሲጋራ በማቆሜ ነው» ብሎ ያስባል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ መቀነስ ይረዳል። ቡና አፍዪዋ ቶናውን ትታ በአቦል ብትሸኘው አክብሮት አልጎደለም፤ ከብዙ ምክር የበለጠ ረድታዋለች። ሁለተኛው ጫት ነው። ብዙ ሰው በሌላ ጊዜ ሳያጨስ ሲቅም ብቻ ያጨሳል፤ ምርቃና ላይ ደግሞ ሲጋራው አንዱ በሌላው ላይ ይለኮሳል። እየቃመ ሲጋራ አቆማለሁ የሚል ሰው ራሱን ከባድ ፈተና ላይ ጥሏል። ወዳጆቹ ከልብ ሊረዱት ከፈለጉ ቢያንስ ለአንድ ወር በርጫ ባይጠሩት፣ በምትኩ ለእግር ጉዞ ወይም ለምሳ ቢጠሩት ይሻላል። ማጨስ ያቆመ ወዳጅ ከጫት ቤቱ ሲቀር «ናቀን» ብሎ ማኩረፍ ግን ትልቅ በደል ነው።

ጾምም ጥሩ በር ይከፍታል። በረመዳን ሙስሊም አጫሽ በየቀኑ 13 ሰዓት ገደማ ሲጋራ ሳይነካ ይውላል፤ በክርስቲያኑም ወገን በዐቢይ ጾም ሲጋራ የሚተዉ አሉ። ይህን ያህል የቻለ ሰው ሀራራውን መቋቋም እንደሚችል ለራሱ አስመስክሯል። የሚጎድለው ከአፍጥር በኋላና ከፋሲካ በኋላ የሚይዘው ዕቅድ ነው፤ ስለዚህ የቤተሰቡ ውይይት መጀመር ያለበት ጾሙ ከመጠናቀቁ በፊት ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ ብዙ ብዥታ አለ። ካንሰር የሚያመጣው በዋነኛነት ጭሱ ነው፤ በጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፣ ቢያንስ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል እንጂ የእነዚያን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ ያለ ጭስ ኒኮቲን የሚሰጡ ማስቲካዎችና ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ፕላስተሮች ሱሱን እየቀነሱ ለማቆም ይረዳሉ፤ የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ ያሻሽላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 እነዚህን፣ በ2021 ደግሞ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የተባሉትን መድኃኒቶች ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቷል። «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» የሚሉ አሉ፤ ግን በሳምንታት እየቀነሰ የሚቆም ማስቲካና ዕድሜ ልክ የሚጨስ ሲጋራ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። በአገራችን እነዚህ ነገሮች እንደልብ የማይገኙ መሆናቸው ግን ያሳዝናል። ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች ሁኔታው የተሻለ ነው፤ በአሜሪካ 1-800-784-8669 ላይ የሚደውል ሰው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በነጻ የሚሠራውን የምክር አገልግሎት ያገኛል። ዘመዱን ለመርዳት የሚፈልግ ሰው ስልኩን ሰጥቶ ዝም ከሚል፣ አብሮት ቁጭ ብሎ ቢያስደውለው ይሻላል።

«እኔ አሁን በቀን አንድ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው» የሚለው መጽናኛ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሰፊ ግምገማ እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው 20 የሚያጨሰው ከተጋረጠበት ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ከ40 እስከ 50 በመቶውን ይሸከማል። መቀነስ ለልብ ብዙም አያተርፍም፤ ማቆም ያተርፋል። ቀስ በቀስ ወይስ በአንዴ ለሚለው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ በተደረገ ሙከራ ቀን ቆርጠው በአንዴ ካቆሙት 49 በመቶው፣ ቀስ በቀስ ካቆሙት 39 በመቶው ከአራት ሳምንት በኋላ ሳያጨሱ ተገኝተዋል። ስለዚህ ቀን መቁረጥ ይሻላል፤ ቀኑንም ለሰው መንገር።

«ሠላሳ ዓመት አጨስኩ፤ ከእንግዲህ ምን ሊያደርግልኝ?» ለሚሉ አባቶችና እናቶች ከሁሉ የጠነከረው መልስ ያለው ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታትለው ባገኙት ውጤት ውስጥ ነው። አጫሾች በአማካይ ከማያጨሱት 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። በ30 ዓመቱ ያቆመ ሰው እነዚያን 10 ዓመታት ሁሉ ሊያተርፍ ተቃርቧል፤ በ40 ያቆመ 9፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ60 ያቆመ እንኳ 3 ዓመት አትርፏል። ጥቅሙ ከዚያም ቀድሞ ይጀምራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲጋራው ያመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ይቀንሳል። ክብደት ሊጨምር ይችላል፣ በአማካይ በመጀመሪያው ዓመት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ፤ ለልብ የሚገኘውን ጥቅም ግን አይሽረውም።

ሕጉ ድርሻውን ይዟል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ሥፍራዎች ውስጥ ማጨስን፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥን፣ የሲጋራ ማስታወቂያንም ከልክሏል፤ የፓኬቱ 70 በመቶም በማስጠንቀቂያ ምስል እንዲሸፈን አዟል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በፋብሪካ ዋጋው ላይ 30 በመቶና በፓኬት 8 ብር ጥሏል። እነዚህ አዲስ አጫሽ እንዳይፈጠር ይከለክላሉ፤ ዛሬ የሚያጨሰውን ግን የሚያነሳው ከጎኑ ያለ ሰው ነው።

እርስዎም የሚያጨስ ዘመድ ካለዎት በዚህ ሳምንት ብቻችሁን ስትሆኑ «ልታቆም አስበህ ታውቃለህ? ብትሞክር ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። ከጠየቁ በኋላ ዝም ብለው ያድምጡ። የቆረጠውን ቀን ከነገረዎት ቀኑን ይመዝግቡ፣ በሦስተኛው ቀንም ይደውሉለት፤ ከባዱ ቀን እሱ ነውና።